የተሰረዘው ሌባ

የአባቴ ሱቅ ታፔላ «በቀድሞ ሌባ የተፈተኑ ቁልፎች» ይላል። ሰው ሌብነቱን ይደብቃል፤ የእኔ አባት በቀይ ቀለም አስጽፎ በሩ ላይ ሰቀለው። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት «የሌባ ልጅ» ሲሉኝ እያለቀስኩ ብመጣ፣ «የተራ ሌባ ልጅ አይደለሁም በያቸው» ብሎ ነው የመለሰኝ።

በወጣትነቱ አምስት ጊዜ ታስሯል። እሱ እንደሚለው ያልዘለለው አጥር፣ ያልከፈተው ካዝና የለም። ደንበኛ ጓጉንቸር ገዝቶ ሊወጣ ሲል «ይሄን በዘመኔ ባገኘው ኖሮ ተስፋ ቆርጬ ቤቴ እገባ ነበር» ይለዋል፤ ደንበኛው ሁለተኛ ይጨምራል። ምላሱ ጤፍ ይቆላል። ሥራውን የምሠራው ግን እኔ ነኝ። ቁልፍ የጠፋበት ሰው ሲጠራን በሩ ሥር የምንበረከከው እኔ፣ ከኋላዬ ቆሞ «ለዚችማ እጄን አላቆሽሽም፣ ልጄ ትጫወትባት» የሚለው እሱ።

እንዲህ ተቻችለን ስንኖር ከመንገዱ ማዶ ሌላ ቁልፍ ሠሪ ሱቅ ከፈተ። የትምህርት ማስረጃውን በመስታወት አስገጥሞ ግድግዳው ላይ ስለሰቀለ «ሰርተፊኬት» ብለን ስም አወጣንለት። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ገበያ ሲጠፋበት ግን አፉን ከፈተ። «ሰርቄ ነበር ማለት ማን ያቅተዋል? የእኔ ወረቀት ይኸው ተሰቅሏል። እሱም የሌብነቱን ወረቀት ያሳየና!» አለ። ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ደንበኞቻችን አንድ በአንድ መንገዱን ተሻገሩ።

አባቴ እንቅልፍ አጣ። በማግስቱ ካልመጣሽ ብሎ ፖሊስ መምሪያ ይዞኝ ሄደ። እዚያ ሰው የሚሰለፈው «ከወንጀል ነፃ ነው» የሚል ወረቀት ለማግኘት ነው። አባቴ ብቻ በተቃራኒው ጉዳይ ተሰለፈ። አሻራ ሰጠ፣ ጠበቅን፤ የመስኮቷ ልጅ ኮምፒውተሯን አይታ ፈገግ አለች።

«አባባ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ምንም የለብዎትም።»

«ደግመሽ እይው የኔ ልጅ። አምስት ነው።»

«ነበረ፤ ተሰርዟል። ቅጣትዎን ጨርሰዋል፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ዘመን ጥፋት አልሠሩም። እንዲህ ሲሆን ሪከርዱ ይሰረዛል፤ ሰው በድሮ ጥፋቱ ሥራ እንዳይከለከል ነው።»

«እኔ እኮ ሥራ የተከለከልኩት በመሰረዙ ነው!» አለ አባቴ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል ነበር። የዘንድሮ ወረቀት ይኸው ለቀቀኝ።»

ልጅቷ አዘነችለት መሰለኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በቀልድ «መልሱልኝ ካሉ ሌላ ወንጀል መሥራት ነው» አለችው። «ያኔ የድሮው ተመልሶ ይቆጠራል። ደጋጋሚ ይባሉና ቅጣቱ ይከብዳል፤ በገንዘብ ወይም በምክር የሚታለፈው እስር ይሆናል።»

አባቴ የሰማው እስከ «ይቆጠራል» ድረስ ነው። እኔ የሰማሁት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ የሚንቋቋ፣ ብርድ ሲነካው ሲያስል የሚያድር ሽማግሌ እስር ቤት ሲሚንቶ ላይ ሲተኛ ታየኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ጥላ ተከተልኩት። ዳቦ ሊገዛ ሲል አብሬው፣ ጸጉሩን ሊቆረጥ ሲል አብሬው። ግን ሰው ደንበኛም ያስተናግዳል። ለአንዲት ሴትዮ ቁልፍ እየቀረጽኩ ቀና ብል አባቴ መንገዱን ተሻግሯል። በጠራራ ፀሐይ ሰርተፊኬት ሱቅ ገባ፣ ከባንኮኒው ላይ አንድ ጓጉንቸር አነሣ፣ ከፍ አድርጎ ይዞት ወጣ፤ መንገዱ መሐል ቆሞም ጠበቀ። ማንም ምንም አላለውም። አላፊ አግዳሚው ሰላም ብሎት አለፈ። ቢቸግረው ራሱ «ሌባ! ሌባ!» ብሎ ጮኸ፤ በጣቱም ራሱን ያሳያል። ራሱ ገራፊ ራሱ ጯሂ ማለት ይሄ ነው።

ፖሊስ እየሮጠ መጣ። ሰርተፊኬት ነገሩ ወዲያው ገባው። «ኧረ እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ መርቄለታለሁ» አለ።

«አልሰጠኸኝም! ሰርቄህ ነው!»

«ጋሼ፣ ይሁንልዎት፤ ይውሰዱት።»

«ጌታው፣ ይሄ ሰው ውሸታም ነው። ክብሬን እየነካ ነው፤ ያዘኝ» አለ አባቴ ለፖሊሱ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ። ፖሊሱ ቢያስበው ቢያስበው መላ አጣና ያዘው።

ፍርድ ቤት ስንቀርብ አባቴ ሙሉ ልብሱን ለብሷል። ሰፈርተኛውን በሙሉ ጠርቷል፤ አዳራሹ ሞልቶ ሰው በየግድግዳው ቆመ። ጥፋተኛ ነህ ወይ ሲባል ጥያቄው ሳያልቅ «ነኝ» አለ። ዳኛዋ ጥፋተኛ ነው አሉና ወደ ቅጣቱ ተሻገሩ። ቅጣት ከመጣሉ በፊት ዐቃቤ ሕጉ ማክበጃ አለኝ ካለ ያቀርባል፣ ተከሳሹ ደግሞ ማቅለያውን። ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ። «ተከሳሹ ደጋጋሚ ነው። የቀድሞ ሪከርዱን ከመዝገብ ቤት አስወጥተናል፤ ይነበብልኝ።»

አባቴ ወደ ሕዝቡ ዞሮ አንገቱን ቀና አደረገ። ሰርተፊኬት ፊት ለፊት ተቀምጧል።

«አንደኛ፣ የስርቆት ሙከራ» ብሎ አነበበ ዐቃቤ ሕጉ። «ተከሳሹ በመስኮት ሲገባ ወገቡ ላይ ተቀርቅሮ፣ የቤቱ ባለቤትና ሚስቱ ጎትተው አውጥተውታል። ሁለተኛ፣ የስርቆት ሙከራ። ተከሳሹ በር ለመክፈት ከጧት ጀምሮ ሲታገል ውሎ ባለቤቱ ከሥራ ሲመለስ ተይዟል። በሩ አልተቆለፈም ነበር። ሦስተኛ፣ የስርቆት ሙከራ። ተከሳሹ ካዝና መስሎት የሰበረው ምድጃ ሲሆን...»

ከዚያ በኋላ ያለውን ማን ሰማው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጸጥታ አስከባሪው ሳይቀር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አምስቱም ሙከራ ነበሩ። ዕድሜዬን ሙሉ የሌባ ልጅ ስባል አፍሬ ኖርኩ፤ ለካ ያም አልነበርኩም።

አባቴን አየሁት። ሙሉ ልብሱ ውስጥ አንሷል። ሪከርዴ ይመለስልኝ ያለው ሰው የቆመበትን የተከሳሽ ሳጥን ጠርዝ ይዞ ጫማውን ያያል። ያን ጊዜ አንጀቴን በላው፤ የሚስቁትን ሁሉ ባንቃቸው ደስ ባለኝ።

ዳኛዋ ጠረጴዛውን መቱ። «አምስት ሪከርድ ያለው ሰው ቀላል ቅጣት አይጠብቅም። ማቅለያ የሚያቀርብ አለ?»

ተነሣሁ። ላድነው የምችለው አንድ ነገር ተናግሬ ብቻ ነው፤ እሱንም ለመናገር ይህ ሁሉ ሰው ፊት የቀረችውን ትንሽ ክብሩን መውሰድ አለብኝ። አባቴ ምን ልል እንደሆነ ገባው። በትንሹ ራሱን ነቀነቀ፤ አትበይ ነው። ብተወው የቀረው ጥቂት ዕድሜው እስር ቤት ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩ።

«ክቡር ዳኛ፣ አባቴ ለማንም አያሰጋም። ጓጉንቸር መክፈት አይችልም። በዘመኑ አንድ ቁልፍ ከፍቶ አያውቅም። በሱቃችን የሚከፈተውን ሁሉ የምከፍተው እኔ ነኝ። እሱ የሚያውቀው ማውራት ብቻ ነው።»

አሁን ማንም አልሳቀም። ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ተከሳሽ፣ ልጅዎ የተናገረችው እውነት ነው?»

አባቴ ወደ እኔ አየ። ያ ምላስ እንዲህ ሲጠፋበት አይቼ አላውቅም። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እውነት ነው» አለ። «ቁልፍ እኔን አይወድም። የምትከፍተው እሷ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ። እኔ ከኋላዋ ቆሜ እያየኋት እንዴት እንደምታደርገው እስከ ዛሬ አልገባኝም።» ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረ፤ ድምፁ ተመለሰ። «እንደሷ ያለ እጅ በዚህ ከተማ የለም። ካዝና በሉ፣ የመኪና በር በሉ፣ አያቶቻችሁ የቆለፉት ሳጥን በሉ፣ ትከፍተዋለች። ለምሳ አንዘጋም...»

«ይቀመጡ» አሉ ዳኛዋ።

«እሑድ ግን እስከ ቀትር ነው» ብሎ ተቀመጠ።

ፍርዱ ሲነበብ አልሰማሁም፤ እንደ ሕፃን እያለቀስኩ ነበር። የነገረኝ ሰርተፊኬት ነው። «አይታሰሩም፣ አይዞሽ» አለኝ መሐረብ እየሰጠኝ። «ሦስት ወር ተፈርዶባቸው በገደብ ነው። ሁለት ዓመት ጥፋት ካልሠሩ እስሩ ይቀራል፤ ከጊዜ በኋላ ሪከርዱም ይሰረዛል።»

ደጅ ስንወጣ አንዲት ሴትዮ እጄን ያዘችኝ። ፍርዱ እንዳያመልጣት ስትሮጥ ቁልፏን ቤት ውስጥ ትታ በሩን ዘግታው መጥታለች። አባቴን አልፋው ነው እኔ ጋ የመጣችው። እሱ ትንሽ ራቅ ብሎ እጁን ኋላው አጣምሮ ቆሟል።

«ሁለት ዓመት ጥፋት እንዳትሠራ ተባልኩ» አለኝ። «ምን ልሥራ እንግዲህ?»

በር ላይ ለጥበቃው ትቼው የገባሁትን የመሣሪያ ቦርሳ ተቀብዬ ሰጠሁት።

«ይሄን ያዝልኝ» አልኩት። ትከሻው ላይ አነገተና ተከተለኝ።