የሸክላው መተንፈሻ

የእሜቴ ሸዋዓለም ጉልበት የቆየ ሕመምተኛ ነው። በየዓመቱ ወንዛዬ ወርደው በፍል ውኃው ሲነከሩ ይሻላቸው ነበር። በሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ክረምት ግን የጉማራ ወንዝ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ አጥለቀለቀውና በቅሎ እንኳ የማይሻገረው ሆነ። ልጃቸው ደጉ ወረታ ካለው ቤታቸው ጓሮ ጠባብ መታጠቢያ ሠራላቸው። በጋን ውኃ ይፈላል፣ የከሰል ማንደጃ አጠገባቸው ይቀመጣል፣ በሩ ይዘጋል። ሐሳቡ ደግ ነበር፤ ደግ ሐሳብ ግን መተንፈሻ አይሆንም። ግድግዳው ላይ ውኃ ይወርዳል፣ ምርጊቱ ይላጣል፣ እሜቴም ታጥበው ሲወጡ ራሳቸውን ያዞራቸዋል።

«አማከለች፣ መላ በይኝ እንጂ» ብለው አስጠሩኝ።

እኔ ሸክላ ሠሪ ነኝ፤ ባሌ አንለይ ቀጥቃጭ ነው። ሰው እንስራዬን ይወዳል፣ የአንለይን ማረሻ ይወዳል፤ እኛን ግን ቡዳ ይለናል፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ ይለናል። ሃያ ዓመት ወረታ ስኖር ግን ማንም በስሜ ጠርቶ «አማከለች በላችኝ» ብሎ አያውቅም። ይህን ስሜን እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የጠበቅሁት። የሰው ላም ሲታለብ እንኳ ፊቴን አዞራለሁ። ከቤቴ ገብተው በዋንጫዬ ጠላ የሚጠጡልኝ እሜቴ ብቻ ነበሩ።

አንለይ ከጋዝ ቆርቆሮ ቧንቧ ልሥራ አለ። በእንፋሎት ዝጎ ዓመት አይሞላውም አልኩት። ደጉ ግድግዳውን ልብሳው ሲል ሚስቱ እናኑ «ነፋስ ሊመታቸው ነው!» ብላ ጮኸች። ስለዚህ በጣራ የሚወጣ የሸክላ ቧንቧ ተመረጠ፤ ሦስት ቁራጭ፣ አንዱ በሌላው አፍ የሚገባ፣ ጫፉ ዝናብ እንዳያስገባ እንደ ክርን የታጠፈ። በክረምት ሸክላ ቶሎ አይደርቅም። ከመኝታዬ አጠገብ አስቀምጬ፣ እንደ አራስ ልጅ እያገላበጥኩ አደረቅኋቸው። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባላል፤ እውነት ነው፣ ለራሴ ቤት እንደዚያ አሳምሬ ሠርቼ አላውቅም።

ደጉ የሣር ክዳኑን ከፈተ፣ እኔ ቧንቧውን ተክዬ ዙሪያውን በጭድ ጭቃ መረግሁት። አየር እንዲገባም ከበሩ ሥር አንድ ስንዝር አስከፈትኩ። ልፈትነው እርጥብ ሣር ማንደጃው ላይ ጣልኩ። ጭሱ ጥቂት ዞር ዞር አለና ወደ ላይ ተመዘዘ። እሜቴ እያጨበጨቡ ሳቁ፤ እኔም ደስ አለኝ። «ይህን አፍ እንዳትደፍኑት፤ የከሰል ሽታ ይገድላል» አልኩ። እናኑ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ወጣች።

በጳጉሜን አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጭቃ እየረገጥኩ ሳለሁ ደጉ እየሮጠ መጣ።

«እናቴን ልቀቂያት!» አለኝ።

እግሬን ሳልታጠብ ተከተልኩት። እሜቴ መታጠቢያው ውስጥ መሬት ላይ ተዘርረዋል፤ ነፋስ እንዳይመታቸው ጋቢ ደርበውባቸዋል። ገብቼ ሳልጨርስ ደጅ የተሰበሰቡት ጎረቤቶች በሩን ከኋላዬ ዘጉት። ማንደጃው ፍም እንደሞላ ነው። ቀና ብል የቧንቧው አፍ በአሮጌ ቡልኮ ተጠቅጥቋል፤ የበሩም ሥር እንደዚያው።

«ማነው የደፈነው?»

«እኔ ነኝ» አለች እናኑ፣ ዓይኔን ሳታይ። «ዓይንሽ በቀዳዳው እንዳይገባ ብዬ ነው። ደፍኘውም ገባ!»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ደሜ ፈላ። «ከሰሉ ነው የመታቸው! አውጧቸው!» ብዬ ቡልኮውን ልመዝ ስንጠራራ ደጉ ክንዴን ያዘኝ።

«መጀመሪያ እንትፍ በይባት።»

ቡዳ የበላውን ሰው እንትፍ ካለበት ይለቀዋል ይባላል። እንትፍ ያለች ሴት ደግሞ ቡዳነቷን በገዛ አፏ አመነች። ደጉ ይህን ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ።

የእሜቴ ትንፋሽ ይቆራረጣል። ስለ ከሰል ላስረዳ ብል ሳልጨርስ ይሞታሉ። ሃያ ዓመት የጠበቅሁት ስሜ አሳዘነኝ፤ እውነቱን ልናገር፣ ጥቂት አመነታሁ።

«እንትፍ! እንትፍ! እንትፍ! ለቅቄያቸዋለሁ! አሁን ሜዳ ላይ አውጡልኝ!»

ወዲያው በሩ ተከፈተ። ደጉ ተሸክሞ አወጣቸውና ሣሩ ላይ አስተኛቸው፤ እኔ ራሳቸውን ደግፌ ተቀመጥኩ። ብዙ ቆይተው አሳላቸው፣ አስመለሳቸው፣ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ለቀቀቻቸው!» ብለው ሴቶቹ እልል አሉ። እናኑ መሬት ስማ አለቀሰች። ወደ ቧንቧው ዞር ብሎ ያየ አንድ ሰው አልነበረም።

እሜቴ እልልታውን አዳመጡ፤ የሚባለውን ሰሙ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እኔ ቀና አሉ።

«ምን በደልሁሽ፣ አማከለች?» አሉኝ።

«ምንም፣ እሜቴ» አልኩ። እጄን ከራሳቸው ሥር አወጣሁና ጋቢያቸውን አጥፌ አንተራስኳቸው። ስነሳ ሰዉ ሁሉ መንገድ ለቀቀልኝ፤ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ሸፈኑ።