የዘሚካኤል ቤት ንኡሳን ከዋክብት

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ ክብር ሁሉ በድምቀት አይለካም፤ ፈጣሪ ሰማያትን በብርሃናት ባስጌጠ ጊዜ ለአንዳንዶቹ ግርማቸውን ለዓለም ሁሉ እንዲያበሩ፣ ለሌሎቹም አጥብቆ ለሚሻቸው ብቻ እንዲገለጡ ሥልጣን ሰጥቷቸዋልና።

በደብረ ሣህል አገር፣ እንደ ጥንቱ ሥርዓት፣ እያንዳንዱ ነባር ቤት የሚምልበት የራሱ ኮከብ ነበረው፤ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ በጠራ ጊዜም የቤቱ አለቃ በሸንጎ ፊት ኮከቡን ለዳኛው በጣቱ ያሳያል፤ ዳኛው ኮከቡን ያላየለት ቤት ከሸንጎው ወንበሩ ይነሣል። የዘሚካኤል ቤት ድርሻ በደቡብ አድማስ ዝቅ ብለው የሚታዩ፣ ደቃቅና ደብዛዛ የሆኑ ጥቂት ከዋክብት ነበሩ። ዘሚካኤል ሲሞት ወንበሩን የወረሰችው አንድያ ልጁ ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል፣ አንገት መድፋት ያልተማረች፣ በአባቷ ስም የምትኮራ ሴት ነበረች። ወንበሩን የተመኘው ጎረቤቷ ፊታውራሪ አስራደ ግን አዲስ ለተሾመው ዳኛ ለአዛዥ ሀብተ ሥላሴ «ጌታዬ፣ ይህ ቤት የሚምለው በባዶ ሰማይ ነው» ብሎ ከሰሰ።

ፀሐይ ጠልቃ ሸንጎው በተሰበሰበ ጊዜ አዛዡ ጣቷ ወደሚያመለክተው ስፍራ አፍጥጦ ብዙ ተመለከተ። «እመቤቴ፣ ከጨለማ በቀር የማየው የለም» አለ። የወለተ ሩፋኤል ልብ ደነገጠ፤ የአባቷ ወንበር ከሸንጎው ተነሥቶ ሲወጣ ታያት፤ ፊቷ ግን አልተለወጠም፣ ልመናም ከአፏ አልወጣም።

«ጌታዬ» አለች፣ «አፍጥጠው ስላዩዋቸው ነው የተሰወሩብዎ። ዐይንዎን ጥቂት ወደ ጎን ያሳርፉ፤ እነርሱ ራሳቸው ይመጣሉ። በእኛ ቤት የሚታዩት እንዲህ ነው።»

ከመኳንንቱ አንዳንዶቹ ሳቁ። አዛዡ ግን ዐይኑን ወደ ጎን መለሰ፤ ጥቂት ቆይቶም ከወንበሩ ብድግ አለ። «አራት ናቸው» አለ፣ ቁጥራቸውን ማንም ሳይነግረው፤ «ሦስቱ ተጠጋግተው፣ አንዱ ራቅ ብሎ።» ፊታውራሪውም ማንም ሳያዝዘው ዐይኑን ወደ ጎን አደረገ፤ አራቱንም አይቶ አንገቱን ደፋ።

አዛዡ ወንበሩን ካጸናላት በኋላ በቸርነት «ለቤትዎ ከዚህ የደመቀ ኮከብ ልሰይምልዎን?» ሲል ጠየቃት።

«አይሁን ጌታዬ። የፊታውራሪን ኮከብ ማንም መንገደኛ ያየዋል፤ የእኛን ለማየት ግን ዳኛም ቢሆን ዐይኑን መመለስ አለበት።»

ከዚያ ወዲህ በደብረ ሣህል ሸንጎ በዘሚካኤል ወንበር ፊት የሚያልፍ ሁሉ ለክብሩ ዐይኑን ጥቂት ወደ ጎን ያደርግ ነበር፤ ለዐይን አተያይን ያስተማረ ብርሃን፣ ቢያንስም ታላቅ ነውና።