ልጄን ያባርሩልኝ

እትዬ ፀሐይወርቅ በዚያ ቅዳሜ ሐበሾች ወደሚበዙበት ወደ ፌርፋክስ ሰፈር የመጡት ለአንድ ጉዳይ ነው፤ የልጅ ልጃቸውን ከሥራ ለማስባረር።

ይህን የሰማ ሰው ክፉ አያት ይመስሉታል። ሶሊያናን ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። አንዴ ስታስነጥስ ሐኪም ቤት ካልሄድን የሚሉ፣ ስልኳን ካላነሳች «ፖሊስ ጋ ልደውል» ብለው ብድግ የሚሉና መልሰው ደግሞ «ፖሊሱ ራሱ ምን ያደርጋት ይሆን?» ብለው የሚቀመጡ ሴት ናቸው።

ሶሊያና የምትሠራው ሬዲዮ ጣቢያ ነው። አለቃዋ ሚስተር ሌስተር የሚባሉ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ ማይክራፎን ፊት ተቀምጠው ስለ ዘር፣ ስለ መድልዎ፣ ስለ ጥቁሮች መብት ሲናገሩ የኖሩ። እሷ እንግዳ ትጋብዛለች፣ ስልክ ትቀበላለች፣ ከመስታወቱ ጀርባ ሆና በጣቷ ምልክት ትሰጣለች። ለእትዬ ፀሐይወርቅ ይህ ሥራ ሆኖ አያውቅም። ይባስ ብላ ባለፈው ሳምንት አንድ ደዋይ እንዴት እንደተሳደበና እንደዛተ እራት ላይ እየሳቀች አወራቻቸው።

«ምኑ ነው የሚያስቅሽ?» አሏት፤ ጉርሻው አፋቸው ውስጥ ቀረ።

«እማማ፣ ኖርማል ነው። ሚስተር ሌስተር እኮ እንዲህ ዓይነቱን ከድሮ ጀምሮ ነው የሚሰማው።»

«የሚሰሙት በይ።»

«ኦኬ፣ የሚሰሙት። "ይሄኛው እንኳን ሰዋስው ይችላል" ብለው ሳቁ።»

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የት አለ! የወንድማቸው ልጅ የማነ ደግሞ ሎንግ ቢች ሆስፒታል ውስጥ ቢሮ ተቀምጣ የምትሠራበት ቦታ አግኝቶላታል፤ እስከ ሰኞ መልስ ይፈልጋሉ። ሶሊያና «ኖ» ብላለች። እሷ አልለቅም ካለች እንግዲህ አለቃዋ ይልቀቋት። እትዬ ፀሐይወርቅ ሲገላበጡ አድረው የደረሱበት ይህ ነው።

ሚስተር ሌስተር አንዳንድ ቅዳሜ ከጣቢያቸው ወጥተው በየሰፈሩ እየዞሩ ያስተላልፋሉ። የዛሬው ተራ የጋሼ ሀብተሥላሴ ምግብ ቤት ነው። ጋሼ ሀብተሥላሴ ተማሪ ሆነው መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ እንግሊዝኛው እንደ ውኃ የሚወርድላቸው ሰው ናቸው። እትዬ ፀሐይወርቅ ገና ከበሩ ሳይርቁ ክንዳቸውን ያዟቸው።

«ጋሼ ሀብተሥላሴ፣ ዛሬ አፌ ይሆኑልኛል።»

«ምን ሊሉ ነው?»

ነገሯቸው።

«እትዬ ፀሐይወርቅ! ሰው ቤቴ በእንግድነት መጥቶ "ሠራተኛህን አባር" ይባላል?»

«አባር ማን አለ? እኔ "ያባርሩልኝ" ነው የምለው። በአክብሮት።»

«በእንግሊዝኛ እኮ ሁለቱም አንድ ነው።»

«እንግዲያው እርስዎ አክብሮቱን በፊትዎ ያሳዩአቸው።»

ጋሼ ሀብተሥላሴ የጠራውን ባንኮኒ መወልወል ጀመሩ።

ምግብ ቤቱ ሞልቷል። ወለሉ ላይ ገመድ ተዘርግቷል፤ እትዬ ፀሐይወርቅ ሰው እንዳይጠልፍ በጫማቸው ጫፍ ወደ ግድግዳው ይገፉታል፣ የድምፅ ባለሙያው መልሶ ይጎትተዋል። ሶሊያና በአጠገባቸው ባለፈች ቁጥር ሹራብ ትከሻዋ ላይ ጣል ያደርጋሉ፤ እሷም አውልቃ ወንበር ላይ ትጥላለች። ሚስተር ሌስተር መስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጢማቸው በደንብ የተከረከመ። እትዬ ፀሐይወርቅ ከጥግ ሆነው ከላይ እስከ ታች ሲመረምሯቸው ቆዩ። ሰውዬው ደግ ይመስላሉ፤ ይህም አናደዳቸው።

ፕሮግራሙ ሊጀመር ሲል ሶሊያና ስልኳን እያየች ክው አለች። እንግዳ ሆኖ የተጠራው ፕሮፌሰር ፍሪዌይ ላይ መንገድ ተዘጋግቶበት ቆሟል። ሚስተር ሌስተር ግን አልደነገጡም። ዓይናቸውን ወደ ጥጉ መለሱ።

«እዚያ የተቀመጡት እመቤት ከመጣሁ ጀምሮ እንደ ዳኛ እያዩኝ ነው። ማን ናቸው?»

«አያቴ።»

«ይምጡልኝ።»

ሶሊያና አያቷን እየመራች ጆሯቸው ሥር ተለማመጠቻቸው። «እማማ፣ ላይቭ ነው፣ ኦኬ? የተናገርሽው በሙሉ ይወጣል። እኔ አስተረጉማለሁ። አጭር አጭር አድርጊው። ስለ ጉንፋን እንዳታወሪ።»

እትዬ ፀሐይወርቅ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። እግዜር ራሱ መንገዱን ከፍቶላቸዋል፤ ሰውዬውን ፊት ለፊት አገኟቸው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ያላሰቡት ሆነ።

«ጥቁር መሆንዎን ያወቁት መቼ ነው?»

«ማን? እኔ?» ዞር ዞር ብለው አዩ። «እኔ እኮ ቀይ ነኝ።»

ምግብ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሶሊያና ፊቷን በእጇ ሸፍና «ሬድ ነኝ ትላለች» ብላ ተረጎመች።

«ሬድ?»

«አዎ፣ ቀይ። ጥቁር ማለት እንግዲህ እንደ ጋሼ ሀብተሥላሴ ነው።»

«እኔ ጠይም ነኝ!» የሚል ቁጣ ከባንኮኒው ጀርባ መጣ።

«በየት በኩል?»

ሚስተር ሌስተር ክርናቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው ጠጋ አሉ። «እኔስ ምንድን ነኝ?»

እትዬ ፀሐይወርቅ ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዩአቸው። «እርስዎ የቀይ ዳማ ነዎት።»

ሚስተር ሌስተር ቃሉን ደጋግመው ሞከሩት፤ አፋቸው ውስጥ ተሰባበረ። «በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ነገር ተብያለሁ፤ አብዛኛው በሬዲዮ አይደገምም። እንዲህ ያለ የሚያምር ስም ግን ማንም አውጥቶልኝ አያውቅም። እሺ፣ በአገርዎ ቀይ ነበሩ። እዚህ ሲመጡስ ሰው እንደዚያ አድርጎ አየዎት?»

እትዬ ፀሐይወርቅ የመጡበትን ጉዳይ ለአፍታ ረሱት። ወሬው ራሱ ጎተታቸው።

«አንዴ ሚራክል ማይል የሚባለው ሰፈር አጠገብ አንድ ትልቅ ሱቅ ገባሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መኪናውን ፓርክ አድርጎ ውጭ ይጠብቀኛል። አንድ ጥበቃ ገና ስገባ ጀምሮ ከኋላዬ አልለይ አለ። ወደ ሰሃኑ ስሄድ ይከተለኛል፣ ወደ ፎጣው ስሄድ ይከተለኛል። እንዴት ያለ አስተዳደግ ነው አልኩ! አሮጊት ብቻዋን እንዳትወድቅ ብሎ ነዋ። ቅርጫቴን አስያዝኩት።»

«ለጥበቃው?»

«ለማን ላስይዝ? ከዚያ ከላይ ያለውን ድስት አውርድልኝ ብዬ በእጄ አሳየሁት፤ አወረደልኝ። መኪናው ድረስ ተሸክሞ ሸኘኝ። መረቅሁት፣ ጉንጩን ሳምኩት። ልጁ ዝም ብሎ ያየኛል።»

ሚስተር ሌስተር ጆሮ ማዳመጫቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። «ታዲያ መቼ ገባዎት?»

«ቤት ገብቼ ለዚህች ለሶልዬ ነገርኳት። ያኔ የፊት ጥርሷ ወልቆ ነበር። አልሳቀችም። "እማማ፣ የምትሰርቂ መስሎት እኮ ነው" አለችኝ። የእኔን ረሳሁት። ያቺ ጥርሷ የወለቀ ልጅ ይህን ማወቋ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።»

ሶሊያና ይህን ስትተረጉም ድምፅዋ ቀዘቀዘ። ሚስተር ሌስተር ዝም አሉ። ሬዲዮ ላይ ዝምታ እንደ እሳት ነው የሚፈራው፤ የድምፅ ባለሙያው እጁን አወዛወዘ። እሳቸው አልቸኮሉም። ከዚያ በቀስታ ጀመሩ፤ ሶሊያናም ጆሯቸው ሥር ሆና ለአያቷ ታሾክሹክላቸዋለች።

«ገና ጎረምሳ ሳለሁ በደቡብ ባለች ትንሽ ከተማ ሬዲዮ ጣቢያ ተቀጠርኩ። ሥራ አስኪያጁ "ድምፅህ ግሩም ነው፣ ከመስኮቱ ግን ራቅ በል" አለኝ። ከተማው ነጭ ነው ብሎ ያዳምጠኛል፤ ወይዛዝርቱ ኬክ ይልኩልኝ ነበር። አንድ ቀን ማንነቴ ታወቀና ኬኩ ቀርቶ ዛቻ መጣ። ታዲያ በዚያ ጊዜ ለሥራ አስኪያጁ አብዝቶ የደወለው ማን ይመስላችኋል? እናቴ ናት! በጎረቤት ስልክ እየደወለች ትለምነዋለች...»

ሶሊያና አንቱታውን ሳትስት ተረጎመችው። «"ጌታዬ፣ እባክዎ ልጄን ያባርሩልኝ!"»

ባንኮኒው ላይ ብርጭቆ ተንኳኳ። ጋሼ ሀብተሥላሴ ጎንበስ ብለው ጠፉ። እትዬ ፀሐይወርቅ ላብ አጠመቃቸው።

«ታዲያ... አባረሩዎት?»

«አባረረኝ።»

«ተመስገን!» አመለጣቸው።

ሰው ሳቀ። ሶሊያና አያቷን ቀና ብላ አየቻቸው።

«ሌላ ጣቢያ ገባሁ» አሉ ሚስተር ሌስተር። «እናቴ እዚያም ደወለች። በመጨረሻ ሲያቅታት ሬዲዮ ገዝታ ትራሷ አጠገብ አስቀመጠች። ድምፄ እስከተሰማ ድረስ ልጄ በሕይወት አለ ትል ነበር። የሲቪል መብት ትግል ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁኝ ስለ ሰልፉ፣ ስለ ፍርድ ቤቱ፣ ስለ ሕጉ እናገራለሁ፤ ሁሉም እውነት ነው። እኔ በልቤ የምጠብቀው ግን አንዲት ጥቁር እናት ሬዲዮዋን አጥፍታ የምትተኛበትን ቀን ነው።»

«መጣ?» አሉ እትዬ ፀሐይወርቅ።

«ሕጉ መጣ። መስኮቱም ተከፈተ፤ ይኸው ፀሐይ ላይ ተቀምጬ አወራለሁ። እንቅልፉ ገና ነው።» ፈገግ አሉ። «ግን እርስዎ ከጠዋት ጀምሮ ሊነግሩኝ የፈለጉት ነገር ያለ ይመስለኛል።»

ጋሼ ሀብተሥላሴ ከባንኮኒው ሥር ብቅ ብለው ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። ሶሊያና ነገሩ ገብቷታል፤ ከንፈሯን ነክሳ ትጠብቃለች። አትለምንም፣ አትቆጣም። እትዬ ፀሐይወርቅ ያቺን ፊት ሲያዩ ያዘጋጁትን ሁሉ ተዉት።

«አለኝ እንጂ» አሉ በመጨረሻ። «ቋንቋው ግማሹ ባይገባኝም ሬዲዮዎን ከፍቼ እሰማዎታለሁ። እርስዎ ደኅና መሆንዎን አውቃለሁ። የእርስዎ እናት በድምፅዎ አወቁ። እኔ የዚህችን በምን ልወቅ? ከመስታወት ጀርባ አስቀምጠዋታል! በጣቷ የምትለውን እኔ በሬዲዮ አላይም። ትናገር። ትንሽም ትሁን፣ ድምፅዋን ያሰሙኝ።»

ሶሊያና አልተረጎመችም።

«ምን አሉ?» ጠየቁ ሚስተር ሌስተር።

ያኔ ጋሼ ሀብተሥላሴ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ እንደጣሉ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ሆነው፣ በዚያ ጥርት ባለ እንግሊዝኛቸው ቃል ሳያጎድሉ አስተጋቡት። አንዳንዱ ተመጋቢ ማንኪያውን አስቀምጦ አጨበጨበ።

ሚስተር ሌስተር ማይክራፎኑን በአንድ ጣታቸው ወደ ሶሊያና ገፉት። «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የመንገዱን ዜና የምትነግሪን አንቺ ነሽ።»

ሶሊያና ጉሮሮዋን ጠረገች። ፕሮፌሰሩ የቆመበትን ፍሪዌይ ስም ጠርታ፣ መኪናው እስከየት እንደተሰለፈ፣ በየትኛው መውጫ ቢወጣ እንደሚሻል መናገር ጀመረች። መጀመሪያ ድምፅዋ አነሰ።

«ጮክ በይ፣ አይሰማም» አሉ እትዬ ፀሐይወርቅ፤ እሱም በሬዲዮ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት የማነ ደወለ።

«እትዬ፣ የሆስፒታሉ ሰዎች መልስ ይፈልጋሉ። እና፣ ምን ልበላቸው?»

«ለሌላ ልጅ ስጡት በላቸው።»

«እንዴ! እርስዎ አይደሉም እንዴ ሲያጣድፉኝ የነበሩት?»

«እኔ ነኝ። አሁን ዝጋው የማነ፣ መንገዱን እየነገረችን ነው።»