አምስት ቤት የተበላበት የሥራ ፍለጋ

ይሄነው ያን ቀን ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ በሆዱ የያዘው ቂም ብቻ ነበር። መንገድ ሥራ ላይ ሳለ ከገልባጭ መኪና የወረደ ድንጋይ ጉልበቱን ከሰበረው ወዲህ እግሩ አልታጠፍ ብሎታል። ድርጅቱ የጉዳት አበል ሲከፍለው ከርሞ አሁን «መቆም መቼ አቃተህ፣ ናና በር ጠብቅ፤ አለዚያ አበሉ ይቀራል» ብሎታል። በሩ ደግሞ የማን መሰላችሁ? «ሰክሮ ነው ድንጋይ ሥር የገባ» ብሎ ያስወራበት የመሐንዲሱ ነው። እስከ ማታ ሌላ ቀጣሪ ካልተገኘ ሰኞ ለዚያ ሰውዬ በር ሊከፍት፣ እጅ ሊነሳ ነው። የተማረ ሰው በር ሲከፈትለት አንገቱ እንዴት እንደሚረዝም ደግሞ ይሄነው ያውቀዋል።

አብራው የወጣችው የወረዳዋ ሠራተኛ ፈርሂያ ናት፤ ሥራዋ እንደሱ ላሉት የሚሆናቸውን ሥራ መፈለግ ነው።

«አብሽር አያ ይሄነው» አለችው፣ «የመካነ ሰላም ሰው እምቢ አይልም።»

እውነቷን ነው፤ ማንም እምቢ አላለ።

በር ሠሪው ጀብሪል የይሄነውን ክራንች ከሩቅ ሲያይ መበየጃውን ጥሎ ተነሳ። «አላህ ያሽርህ ወንድሜ፣ ግቡ፣ ግቡ።» ፈርሂያ «የመጣነው ስለ ሥራ…» ከማለቷ ቅቤ የጠጣ ጭኮ ፊታቸው ቀረበ። የተጎዳ ሰው ሳይቀምስ ከወጣ ነውሩ የባለቤቱ ነው፤ እንግዳው አልበላም ካለ ደግሞ ቤቱን ናቀ ይባላል። በሉ። ስለ ሥራው «ኢንሻአላህ» ተባሉና ወጡ።

ወፍጮ ቤት ሲደርሱ የባለወፍጮው የአምባቸው ሚስት «እግዜር ይማርህ» ብላ ገንፎ አገነፋች። ለይሄነው ጠላ፣ ለፈርሂያ ብርዝ ቀረበ። ሥራውን «እናስብበታለን» አሏቸው። አልታዬ ሆቴል በያይነት፣ የጋራዡ ያሲን ቤት ሽሮ። ከያሲን ቤት ሲወጡ ፈርሂያን ስቅታ ያዛት።

«አያ ይሄነው፣ ሂቅ፣ አንድ ቤት ቀርቶናል።»

«ፈርሂያዬ፣ ቢሮሽ ደብዳቤ ይጻፍልኝ። ‹በተመጋቢነት ተቀጥሯል› በሉና ገላግሉኝ።»

ሳቋ ከስቅታዋ ጋር ተጋጨ። እሱም ክራንቹን ታቅፎ የመብራት ምሰሶ ላይ ተለጠፈና ሳቀ። ድንጋዩ ከመታው ወዲህ እንዲህ ስቆ አያውቅም። አላፊ አግዳሚው ከንፈሩን መጦ «እግሩ ብቻ መስሎን ነበር» እያለ አለፈ፤ ይሄ ደግሞ ሳቁን አባሰባቸው።

የቀረችው ጠይባ ናት፤ ከጂዳ ተመልሳ የተማሪ ልብስ መስፊያ ከፍታለች። ገና «አሰላሙ አለይኩም» ሳይሉ ትሪውን አመጣችው።

«ወላሂ አልበላም» አለ ይሄነው፣ ክርስቲያኑ።

የጠይባ ፊት ጠቆረ። «ቤቴን ናቅኸው?»

«አልናቅሁም እህቴ። ከጠዋት ጀምሮ አገሩ ሁሉ አብልቶኛል፤ ምን ትችላለህ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። አንቺ መጀመሪያ ጠይቂኝ።»

ጠይባ እጅጌዋን ሰበሰበችና ክንዷ ላይ ከጂዳ ያመጣችውን የካውያ ጠባሳ አሳየችው። «እኔም ስመለስ እንዲሁ ሲያጎርሱኝ ነው የከረሙ። ሥራ አጥቼ ሳለ እንደ በሬ ሰባሁ።» ሳቋ አመለጣት። «እሺ፣ ምን ትችላለህ?»

ይሄነው ክራንቹን ግድግዳ ላይ አስደገፈ። «የድልድይ ብረት ቆራጭ ነበርሁ» አለ። «ቁጭ ካልሁ እቆርጣለሁ።»

«ካኪ ጨርቅ ከብረት ይለሰልሳል፤ ሞክር።»

ከፍ ባለ ወንበር ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠና መቀሱን ጨበጠ። በጠመኔ የተሰመረውን እጅጌ ተከትሎ ግማሽ ሲደርስ ፈርሂያ «ሂቅ» አለች። ሳቁ ፈነዳ፤ እጅጌው እንደ እባብ ተጠማዞ ቀረ።

«ይሄስ ለየትኛው ተማሪ ነው?» አለች ጠይባ እንባዋን እየጠረገች።

ይሄነው በሩ ታየው፤ መሐንዲሱ ታየው። «ፈርሂያዬ፣ በአላህ ውጪልኝ» አለ።

ወጣች። ሁለተኛውን እጅጌ ትንፋሹን ውጦ ቆረጠው፤ ቀጥ አለ። ሦስተኛውንም ደገመው።

ጠይባ ጨርቁን አንስታ ወደ ብርሃኑ ያዘችው። «ሰኞ በጊዜ ና። ታዲያ እዚህ ሠራተኛ አላበላም፤ ምሳህን ቋጥረህ ነው የምትመጣ።»

«በደስታ» አለ ይሄነው። «ፈርሂያዬ፣ ለድርጅቱ ደውይላቸው፤ ሌላ በር ጠባቂ ይፈልጉ።»

በሩ ጋ ስትሰማ የነበረችው ፈርሂያ ስልኳን አወጣች። ጠይባ ግን ትሪውን ወደሱ ገፋ አደረገችው።

«ሰኞ ነው ሠራተኛ የምትሆን፤ ዛሬ እንግዳ ነህ። ብላ።»

ይሄነው ቀበቶውን ላላ አድርጎ እጁን ታጠበ።