የራስጌና የግርጌ ተራ

ኮምፒውተሩ ለሦስተኛ ጊዜ እምቢ አለ። ሀስና ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

«አሁንም?» አለ ዳዊት። በጠባቧ ክፍል ውስጥ መንጎራደዱን አላቆመም።

«አንድ መስመር ናት። አንተም ነክተሃታል፣ እኔም ነክቻታለሁ። አንዱን ምረጪ ይለኛል።»

ሁለቱ ወልድያ ሆነው ለመርሳ መስኖ ገበሬዎች የውሃ ተራ የሚያሳውቅ ፕሮግራም ይሠራሉ። ለየብቻ የጻፉት ኮድ በአንድ የጋራ ማከማቻ ይዋሃዳል፤ የምታዋህደው ሀስና ናት። አሥር ሰዓት ላይ መልእክቱ ወደ ገበሬዎቹ ስልክ ይሄዳል። ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። የዳዊት መስመር ዙሩ ውሃው ከሚገባበት ከቦዩ ራስጌ ይጀመር ይላል፤ የእሷ ከግርጌ። የአባቷ የኑርሁሴን ሽንኩርት ግርጌ ነው።

«ከማን ሰማህ?»

«ተራውን ከሚያከፋፍሉት ከውሃ አባቱ፣ ከጋሽ ሀብቴ። አንቺስ?»

ስልኳ ጠራ፤ አባቷ ነበር።

«ሀስና፣ ጨረስሽው ወይ? ሽንኩርቱ ጫፉ ነደደ እኮ! ከራስጌ ከተጀመረ እኔ ጋ የሚደርሰው በሰባተኛው ቀን ነው። አለቀልን በይ።»

«አባ፣ ያለፈው ዙር ከራስጌ ነው የተጀመረው ብለውኝ አልነበር?»

«ያስተማርኩሽ አባትሽን እንድትመረምሪ ነው?» ብሎ ዘጋው።

ሀስና ወዲያው ለሀብቴ ደወለች።

«ባለፈው ከግርጌ ነው የጀመርነው፤ በየዙሩ እንቀያየራለን» አሉ ሀብቴ። «ቦዩን የከፈተውም አባትሽ ራሱ ነው። አካፋዬን እንደወሰደ ቀረ፤ ንገሪልኝ።»

አመስግና ስልኩን አስቀመጠች።

ዳዊት መስኮቱ ጋ ቆመ። ሁሉንም ሰምቷል።

«የአንቺን ብትመርጪ እኔ አልናገርም» አለ። «ለአንድ ዙር ነው።»

«ራስጌም ሽንኩርት አለ።»

«አውቃለሁ። የእኔ አባት ግን እዚያ የለም።»

ለአሥር ሰዓት አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቷል። ሀስና የራሷን መስመር ሰርዛ የዳዊትን አስቀረች። ማከማቻው የለውጡን ምክንያት ጠየቃት። ሌላ ጊዜ «ተስተካክሏል» ብላ ታልፍ ነበር። ዛሬ ግን፣ «የግርጌውን የጻፍኩት ከአባቴ ሰምቼ፣ ሳላጣራ ነው። ሀስና ኑርሁሴን» ብላ ጻፈች።

ስልኳ እንደገና ጠራ። የአባቷን ስም አየች። መጀመሪያ ሥራውን ላከች። ከዚያ ስልኩን አነሳች።