በብር ሽቦው ጫፍ ያለችው ነጥብ

"በራ!" አለች ተመራማሪዋ፣ ከወንበሯ ብድግ ብላ።

ስክሪኑ ላይ የብር ሽቦው አንድ ጫፍ ቀይ ጨረር ተቀብሏል፤ በወዲያኛው ጫፍ ደግሞ ትንሽ ቀይ ነጥብ ትታያለች። መስታወት ላይ የተሠራው ይህ ሽቦ ከፀጉር በብዙ መቶ እጥፍ ይቀጥናል። ብርሃን የብሩን ገላ ተከትሎ መሄድ ከቻለ፣ አንድ ቀን መረጃን በኤሌክትሪክ ሳይሆን በብርሃን የሚያመላልሱ፣ በዓይን የማይታዩ ሰርኪዩቶች ይሠሩበታል። ስምንት ወር የለፉት ለዚህች ነጥብ ነው።

ሽቦውን የሠራው ቴክኒሻን ግን ዓይኑን ከነጥቧ አልነቀለም። ክፍል በገባ ቁጥር መብራት ስለሚያጠፋ "ጋሼ ጨለማ" ይሉታል። ዓርብ ጡረታ ይወጣል። በሠላሳ ዓመት ሥራው ስሙ አንድም የምርምር ጽሑፍ ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ የዚህኛው ረቂቅ ላይ ግን ምርምሩን ከሚመሩት ፕሮፌሰርና ከተመራማሪዋ ቀጥሎ ሦስተኛ ሆኖ ሰፍሯል። ጠዋት ልጁ ደውላ "አባዬ፣ ስምህ መቼ ነው የሚወጣው?" ስትለው አንጀቱ ቅቤ ጠጥቶ ነበር።

"ምስሉን ለፕሮፌሰሩ ልላከው" አለች።

"ቆይ እስቲ እህቴ። ጨረሩን ከሽቦው ላይ ትንሽ ወደ ጎን ገፋ አድርጊው።"

"ለምን? በርቷል እኮ!"

"ያበራው ሽቦው ከሆነ፣ አሁን መጥፋት አለበት።"

ማዞሪያውን ነካ አደረገችው። ጨረሩ ባዶው መስታወት ላይ አረፈ። ነጥቧ ግን አልጠፋችም።

የፈራው ይህንን ነበር። ለሽቦው ሥራ መስታወቱ ላይ የተቀባውን ሙጫ ትናንት ሲያጥብ፣ ግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ ሲገባው በአሥር ደቂቃ አወጣው። ሽቦውን ለማየት ቸኩሎ ነው፤ ከልምድ ማነስ አይደለም። የቀረው ስስ ሙጫ አሁን ብርሃኑን በራሱ በኩል እንደሚያሳልፈው ነገራት።

"ፕሮፌሰሩ እንዲህ አድርገው አይሞክሩትም" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"ሌላ ሰው ይሞክረዋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።"

"እንደገና ሲታጠብ ሽቦው አብሮ ቢነሳስ?"

"ሊነሳ ይችላል።"

"ጽሑፉ ይቀራል እኮ፤ ስምህስ ጋሼ?"

ከፍቶታል፤ ፊቱም ያስታውቅበታል። መስታወቱን በመቆንጠጫ አንስቶ ማጠቢያው ውስጥ ነከረውና ሰዓቱን ግማሽ ሰዓት ላይ ሞላው። ከዚያም የቤተ ሙከራውን መዝገብ ሳብ አድርጎ "ሙጫው በደንብ ሳይታጠብ ተለክቷል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው" ብሎ ጻፈ። ሁልጊዜ የሚያኖራትን አጭር ፊርማ ትቶ፣ ከሥሩ ሙሉ ስሙን በጉልህ አሰፈረ።