አባቴ እንዳለው

ልብስ ሰፊው «አባቴ እንዳለው» ሳይል ውሃ እንኳን አይጠጣም ነበር። ደንበኛ ቶሎ አድርስልኝ ብሎ ሲያጣድፈው፣ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ «አባቴ እንዳለው፣ የሚቸኩል ክር ራሱን ያንቃል» ይላል፤ ደንበኛው ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ጎረቤት ከጎረቤት ሲጣላ «አባቴ እንዳለው፣ ክር ያጠረበት ሰው መርፌ ይረግማል» ይላል፤ ሁለቱም ይስቃሉ። አንድያ ልጁ በእነዚህ ቃላት ተለክታና ተሰፍታ ነው ያደገችው። አያቷን በዓይኗ አላየቻቸውም፤ እሷ ሳትወለድ ብዙ ቀደም ብለው ሞተዋል። ቢሆንም ከዘመድ ሁሉ አብልጣ የምትወደው እሳቸውን ነበር።

አድጋ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሆነች። ወንበሯ ላይ ተጎልታ፣ ካርድ በመሳቢያ ደርድራ፣ ቀኑን ሙሉ ቃል ስትለቅም ትውላለች። ከዕለታት አንድ ቀን «ብሂል» የሚለው ቃል ደረሳት። ፍቺውን ጻፈች፤ ዘመዶቹንም አንድ በአንድ ለየች። አባባል የማንም ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ የቆመ ሰውም ይለዋል። ተረት ቢዋሽም የሚከሰው የለም። ይትበሃል ደግሞ ከወረቀት ወርዶ ሰው አፍ ውስጥ ሲገባ ብዙም አይታይም። ብሂል ግን የሚከበር ባለቤት ይፈልጋል፤ ሰው ብሂል ሲጠቅስ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ቀና ብሎ ነው። ለምሳሌ የሚሆን ዓረፍተ ነገር ለመምረጥ አልተቸገረችም፦ «አባቴ እንዳለው፣ ገበር የሌለው ኮት በነፋስ ቀን ይታወቃል።»

አባቷ ዓይኑ ደክሞ ሱቁን ሊዘጋ አንድ ወር ቀርቶታል። የአባቱን ቃል መጽሐፍ ላይ ታትሞ ሲያይ ምን እንደሚሆን እያሰበች ብቻዋን ፈገግ ትላለች። ከዚህ የተሻለ ስጦታ ከየትም አታመጣለትም።

ዋና አዘጋጁን ባልደረቦቿ «ምስክር» ይሉታል። ካርዱ ጀርባ ላይ «ማን አለው?» እና «ማን ሰማው?» የሚሉት ካልተሞሉ ሞቶም አይፈርም።

«ከባለቤቱ አፍ የሰማ ሰው ስም አምጪ» አላት። «ካንቺ ሌላ ደግሞ፤ የቤት ልጅ ያደላል። ሰኞ ካልደረሰ ሌላ ምሳሌ ፈልጊ።»

ከአያቷ አፍ የሰማ በሕይወት ያለ ሰው ቢኖር የአባቷ ታላቅ እህት ናቸው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቀሚሳቸውን ሊያስጠብቡ ሱቁ መጥተው አገኘቻቸው። መቼም የቸኮለ ሰው ቦታ አይመርጥም፤ አባቷ እዚያው ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ ሳለ ካርዱን ከቦርሳዋ አወጣች።

«እትዬ፣ አያቴ ይህን ሲሉ ሰምተዋል አይደል?»

እትዬ ካርዱን ከዓይናቸው አርቀው አነበቡና በሳቅ ፈረሱ። «አባታችን? ሰውዬው እኮ ከንፈሩ የተሰፋ ነበር! በቀን ሁለት ቃል ከወጣው ብዙ ነው፤ ‹በሩን ዝጉ› እና ‹ተኙ›። ይሄን ሁሉ ኮትና ነፋስ ከየት ያመጣዋል?»

የስፌት መኪናው ቆመ። ልጅቱ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እትዬም የወንድማቸውን ፊት ሲያዩ ሳቃቸውን ዋጡ። «ኧረ እኔ ምኑን አውቄ…» አሉ።

«ተይው እትዬ፣ እውነት ነው» አለ አባቷ። ጨርቅ የሚያሰምርበትን ጠመኔ ከእጁ አስቀመጠ። «ሥራ ስጀምር ጺም የለኝ፣ ክሳቴ እንደ መርፌ፤ የሚሰማኝ ሰው አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ኮት ሊያሰፉ መጥተው ‹ገበሩን ተወው፣ ዝም ብለህ ስፋው› አሉኝ። ይበላሻል ብል ማን ይሰማኛል? ‹አባቴ እንዳለው› አልኳቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ‹አባትህ አዋቂ ናቸው› አሉኝ። ከዚያ ወዲያ በቸገረኝ ቁጥር ይናገርልኝ ጀመር። የሚናገር አባት አልነበረኝም፤ ሰፋሁት።» ቀና ብሎ ልጁን አያት። «ካርዱን ቅደጂው የኔ ልጅ። ሥራሽ ላይ ውሸት አይግባ።»

አልተናደደችም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ስታመሰግን መኖሯ ነው ሆዷን ያባባው። ያ ሁሉ የምትወደው ቃል ሜትር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው የዚህ ሰውዬ ነበር።

«አባዬ፣ አንዴ ጮክ ብለህ በልልኝ። እትዬ ይስሙ።»

አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ። «አባቴ እንዳ…» ብሎ ቆመ። ፊቱ ቀላ፤ እንደ ተማሪ እጁን የት እንደሚያስቀምጥ ጠፋው። ከዚያ ቀስ ብሎ ከመሃል ጀመረ። «ገበር የሌለው ኮት… በነፋስ ቀን ይታወቃል።»

«ሰምቻለሁ!» አሉ እትዬ፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው። «ስሜን ጻፊ። በትልቁ ጻፊው።»

ልጅቱ ካርዱን ገልብጣ «ማን አለው?» ላይ የአባቷን፣ «ማን ሰማው?» ላይ የእትዬን ስም ጻፈች። አባቷ ተቀብሏት መስኮቱ ጋ ሄዶ፣ ክንዱን ዘርግቶ አነበበ። የካርዱን ፊት አየ፣ ጀርባውን አየ፣ እንደገና ፊቱን አየ።

«‹አባቴ እንዳለው› የሚለውን አልሰረዝሽውም እኮ» አላት። «የማን አባት ነው ይሄ?»

«የእኔ» አለችው።